ሥራ የፈታው የምጽዋ ባንክ እና የደሴ ቤቶች

እንዴት አመሻችሁ፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የደሴ ልጆች!

ዛሬ የማወራችሁ ሥራ ስለፈታ አንድ ባንክ ነው። ያለው ምጽዋ ነው፣ ቀይ ባሕር ዳር። ሩቅ ነው እንዳትሉኝ። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወስደው መንገድ በእኛው ከተማ ነው የሚያልፈው። አባቴ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ሲነዳ ደሴ ያድርና በወልዲያ፣ በመቀሌ፣ በአስመራ አድርጎ ወደቡ ድረስ ይወርድ ነበር። ሲመለስ ስለ መርከብ ብንጠይቀው ስለ ባንኩ ያወራናል። «ቤተ መንግሥት ነው የሚመስለው» ይለን ነበር።

ምጽዋ በነሐሴ 1913 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድታለች። የድሮ ቤቶቿ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። የጣሊያን ባንክ ሕንፃ ግን መልኩ ለብቻው ነው። ሹል መስኮት አለው፣ ማማ አለው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተማዋ የጦር አውድማ ስትሆን እሱም ተመታ። ግድግዳው ቆሞ ቀረ።

ባንክ ወደብ ላይ ለምን ተሠራ ቢባል፣ ገንዘቡም ዕቃውም በዚያ ስለሚገባ ነው። አያቴ ሣጥን ውስጥ የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባት አንድ ጠገራ ብር ነበረች። 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ 1780 የሚል ተጽፎባታል። ያ ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ ነው። ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። ከአውስትሪያ ተነሥታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ በበቅሎ ደጋ የወጣች ብር ናት። አያቴ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣቷ እየዳሰሰች ትቆጥር ነበር። ሐሰተኛዋ የምትለየው በዚያ ነው ትል ነበር።

ባንክ እንደ መንግሥቱ ስሙን ይቀያይራል። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። በወረራው ዘመን የጣሊያን ባንኮች ገቡ። በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፤ እሱም በ1956 ዓ.ም. ለብሔራዊና ለንግድ ባንክ ተከፈለ። ሰሌዳው ይወርዳል፣ ሌላ ይሰቀላል። ቤቱ ግን ሰው እስከገባበት ድረስ ይኖራል።

ደሴም ይህን አይታዋለች። ሙዚየማችን የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። የአንድ ሰው ሳሎን የሕዝብ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሲዘረፍ ምን እንደተሰማን የማያውቅ እዚህ የለም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽም ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ማንንም ሳይጠየፍ ሁሉን ያበላል ለማለት ነው። ቤት ሲሠራ ለሰው ታስቦ እንደነበር ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

ቤት የሚያፈርሰው መድፍ ብቻ አይደለም። ምጽዋ ላይ ጨዋማው አየር ቤቶንን ዘልቆ ብረቱን ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ያብጣል፣ ሲያብጥ ቤቶኑን ይሰነጥቀዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ጠላታችን የክረምቱ ዝናብ ነው። አንድ ምስማር ከቆርቆሮ ላይ ሲነቀል ውሃ በዚያ ይገባል። ቆርቆሮውን የተሸከመው እንጨት፣ አውራጁ፣ ይበሰብሳል። ከዚያ ግድግዳው ውሃ ይጠጣል። ቤቱ ሰው ካለበት፣ ማታ ጠብታው ፊቱ ላይ ሲወርድበት ነቅቶ ያስደፍነዋል። ከተቆለፈ ግን ማን ይሰማል?

ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በኖራ ወይም በጭቃ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ ሲላላጥ ሲሚንቶ አትለስኑበት! ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። በኖራ የተሠራን በኖራ፣ በጭቃ የተሠራን በጭቃ ጠግኑት።

በየሰፈራችን ሰገነት ያላቸው፣ መስኮታቸው በእንጨት የተዋበ ቤቶች አሉን። ተከራይ ወጥቶ ቁልፍ ከተንጠለጠለባቸው ዓመት አልፏቸው ይሆናል። ከማፍረሳችን በፊት ሥራ እንስጣቸው። አንዱ ለልጆች ማንበቢያ ይሁን። አንዱ ልብስ ሰፊዎች ይግቡበት። አንዱ ቡና ይፈላበት፣ ሰው ይውልበት። ባለቤቱም ኪራይ ያግኝ። ቅርስ ነው ተብሎ ተቆልፎ እንዲበሰብስ አልፈልግም።

ለዚህ ዓመት የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ሰኔ ሳይገባ በየሰፈራችሁ አንድ አሮጌ ቤት ምረጡና ከባለቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ አሸንዳውን ጥረጉ፣ የተነቀለውን ምስማር ምቱ። መሰላል የሌለው እኔ ቤት ይምጣ፣ ረጅም መሰላል አለኝ።

አመሰግናለሁ።