ለአባቶች ቃልም በጀት ይያዝ

የተከበራችሁ የመንዝ፣ የአንኮበር፣ የተጉለትና የቡልጋ አባቶችና እናቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የተሰጠኝ ርዕስ «የማኅበረሰብ የቅርስ ሥራዎችና የገንዘብ ምንጫቸው» ይላል። ወደ ምንጩ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ሰው ላስታውሳችሁ።

መንዝ ውስጥ ካለው የጓሳ ሣር ምድር ጥግ የሚኖሩ አንድ አባት ነበሩ። ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የቄሮን ሥርዓት፣ ማለትም የጓሳውን የጥበቃ ሕግ፣ እንደ እሳቸው የሚተርክ አልገጠመኝም። ጓሳው ስንት ዓመት ተዘግቶ እንደሚከርም፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ መቼ ለአጨዳ እንደሚከፈት፣ ደፍሮ የገባ ምን እንደሚጠብቀው። ሕጉ 400 ዓመት ገደማ በቃል ኖሯል። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ፈረሰ። ዛሬም ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የምናየው እነዚያ አባቶች ሣሩን ስለጠበቁት ነው።

ቤታቸው ሄድኩ። ባናቸውን ደርበው ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል። በስልኬ መቅዳት ጀመርኩ። ብዙ ነገሩኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሊከፈት ሲል እንግዲህ...» እንዳሉ ስልኩ ሞላና ቆመ። ፎቶ ላጠፋ ስታገል ባትሪውም አለቀ። አልተቆጡም። «ይሁን ልጄ፣ ደህና ዕቃ ይዘህ ተመለስ» አሉኝ።

ለደህናው ዕቃ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። የጠየቅሁት አንድ ድምፅ መቅረጫ፣ የመኪናና የጥቂት ቀን አበል ነው። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። «ቅርሱ የት ነው የሚገኘው?» ተባልኩ። ሰውየው ናቸው አልኩ። «ለሰው የበጀት ኮድ የለንም» አሉኝ። በዚያው ሰሞን ለበዓል ባነርና ቲሸርት ታተመ። ለዚያ ኮድ ተገኘ! ጥቅምት ላይ አባታችን አረፉ። እጄ ላይ የቀረው 11 ደቂቃ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የማይባልበት ስብሰባ የለም። ታዲያ ለወረቀቱ ማን ከፈለ? ጥገና ይቅር አላልኩም። አንኮበር ላይ የነገሥታቱ ግቢ ፍርስራሽ ይጠገን፣ ደስ ይለኛል። ድንጋዩ ግን ለከርሞም እዚያው ነው። የሰማንያና የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ለከርሞ ቆዩኝ አይባሉም! የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንኳ በእጅ የማይዳሰሰውን ቅርስ ብሎ ይቆጥረዋል። እኛ ለምን በጀት እንነፍገዋለን?

ስለ ምንጩ ባጭሩ። ዕድሮቻችን ትንሽ ትንሽ ያዋጡ። አዲስ አበባ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ይጠየቁ። ከጎብኚ የሚገባው ገንዘብም ጥቂቱ ለዚህ ይዋል። የውጭ ድጋፍ ካለ ፎርሙን የእኛ መምህራን ይሙሉት።

ጣሊያን በ1931 «አመጸኛ ዋሻ» በሚባለው ዋሻ ውስጥ በመርዝ ጋዝ የፈጀውን ሕዝብ ታሪክ ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙ ሰዎች ዛሬም አሉ። የሦስቱን ቤት አውቀዋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ አንድ መቅረጫ ስጡኝ። መኪናው ይቅር፣ በእግሬ እሄዳለሁ።