ትንሹ ምሰሶ ለትልቁ የሚመሰክረው መቼ ነው?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው ባሕር ውስጥ በሚተከሉ የነፋስ ተርባይኖች መሠረት ዙሪያ ያለው አፈር የሚያሳየውን ጠባይ በትንሽ ሞዴል ስለ መፈተሽ ነው። ብዙዎቻችሁ በመንገድ፣ በድልድይና በሕንፃ መሠረት ላይ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። ሆኖም በትንሹ ያየነውን ለትልቁ መናገር የምንችለው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ አፈር የሚፈትሽ ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው።

በዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1991 በዴንማርክ ቪንደቢ ሲሠራ፣ 11ዱ ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 450 ኪሎዋት የሚያመነጩና በራሳቸው ክብደት በሚቆሙ የኮንክሪት መሠረቶች ላይ ያረፉ ነበሩ። በ2002 እዚያው ዴንማርክ ውስጥ በሆርንስ ሬቭ የተተከሉት 80 ተርባይኖች ግን ሞኖፓይል በሚባለው፣ ወደ ባሕሩ ወለል በሚመታ አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ ላይ ቆሙ። የዚያን ጊዜው ቱቦ ስፋት 4 ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ 8 ሜትርና ከዚያም በላይ ስፋት ያላቸው ይተከላሉ።

እንዲህ ያለውን ምሰሶ የሚፈትነው ከላይ የተሸከመው ክብደት ብቻ ሳይሆን ከጎን የሚገፋው ኃይል ነው። ነፋሱ ከፍ ካለው ማማ ጫፍ፣ ማዕበሉ ደግሞ ከውሃው ወለል ይገፉታል፤ ይህም በአገልግሎት ዘመኑ በአሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። በዚህ ሁሉ ግፊያ መካከል ምሰሶው በቋሚነት ሊያዘነብል የሚፈቀድለት በተለምዶ ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም፤ ከዚያም ላይ ግማሹ ያህል በተከላ ጊዜ ለሚፈጠር ስሕተት ይያዛል። በተጨማሪም መላው መዋቅር የሚወዛወዝበት ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ከተርባይኑ መዞሪያ ፍጥነትና ክንፎቹ በማማው ፊት ከሚያልፉበት ድግግሞሽ ጋር መግጠም የለበትም፤ ከገጠመ ውዝዋዜው ይበረታል። አፈሩ ከዓመታት በኋላ ቢጠነክር ወይም ቢለሰልስ ይህ ድግግሞሽ ይቀየራል። ስለዚህ የአፈሩን አቅም ብቻ ሳይሆን አቅሙ በጊዜ ብዛት ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ግድ ይሆናል።

ለረጅም ጊዜ ስሌቱ የተመሠረተው ለነዳጅ ማውጫ መድረኮች በተዘጋጁ የጭነትና የመገፋት መስመሮች፣ ማለትም ምሰሶው በስንት ጭነት ምን ያህል እንደሚገፋ በሚያሳዩ ግራፎች ላይ ነበር። ለአሸዋ የዋለው መስመር በአብዛኛው የመጣው በ1966 በቴክሳስ ሙስታንግ ደሴት 0.61 ሜትር ስፋት ያላቸውና 21 ሜትር የተቀበሩ ምሰሶዎች ከተፈተኑበት ሥራ ነው። የእነዚያ ምሰሶዎች ርዝመት ከስፋታቸው 34 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ ዛሬ የሚተከሉት ሞኖፓይሎች ርዝመት ግን ከስፋታቸው ከጥቂት እጥፍ አይበልጥም። ረጅሙ ቀጭን ምሰሶ ሲገፋ ይጎብጣል፤ አጭሩ ወፍራም ምሰሶ ግን ሳይጎብጥ ባለበት ይሽከረከራል። አፈሩም ለሁለቱ የሚሰጠው ምላሽ አንድ አይደለም።

ታዲያ 8 ሜትር ስፋት ያለውን ቱቦ በቤተ ሙከራ መግፋት ስለማይቻል ሞዴል ይሠራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቱቦውን መቶ እጥፍ ማሳነስ ቀላል ነው፤ የአሸዋው ጠባይ ግን የሚወሰነው ከላይ በተጫነው ጫና ነው። በሳጥን ውስጥ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ያለ አሸዋ የሚሸከመው በጫና መለኪያው ጥቂት ኪሎፓስካል ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በታች 20 ሜትር ላይ ያለው ግን 200 ኪሎፓስካል ገደማ ይሸከማል። የታመቀ አሸዋ ጫናው ሲያንስ ሲገፋ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተዘላለሉ የበለጠ ያብጣል፤ በዚህም ምክንያት ባሕር ውስጥ የማይኖረውን ጥንካሬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሳያል።

አንዱ መፍትሔ ሴንትሪፊውጅ ነው። ሞዴሉ በረጅም ክንድ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ከመሬት ስበት 100 እጥፍ እስኪደርስ ሲሽከረከር፣ 8 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውና 30 ሴንቲሜትር የተቀበረው ቱቦ 8 ሜትር ስፋትና 30 ሜትር ጥልቀት ያለውን ይወክላል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ጫናም በየተመሳሳዩ ነጥብ ከእውነተኛው ጋር ይስተካከላል። ይህ ግን ዋጋ አለው። በዚህ ልኬት እንቅስቃሴው 100 ጊዜ ሲፈጥን፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ጫናውን አስተንፍሶ የሚወጣበት ጊዜ 10,000 ጊዜ ይፈጥናል። ሁለቱን ለማስታረቅ ከውሃ 100 እጥፍ የወፈረ ፈሳሽ ይጨመራል። የአሸዋው ቅንጣትም አብሮ ስለማያንስ ቱቦው ከቅንጣቱ አንጻር በጣም ሰፊ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሌላው መንገድ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተከተሉት ሲሆን፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ነው። በ2010 የታተመው ጥናት 80 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ቱቦ በመደበኛው የመሬት ስበት ፈተነ፤ ነገር ግን አሸዋው በዝቅተኛ ጫና የሚያሳየውን ትርፍ ጥንካሬ ለማካካስ ሆን ብሎ ላላ ያለ አሸዋ ተጠቀመ። ከዚያም ቱቦው በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተገፋ። ካስማ መንቀል የፈለገ ሰው ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ እንደሚነቀንቀው ሁሉ፣ የአሸዋውም መያዣ በድግግሞሹ ይላላል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው፤ ግትርነቱ፣ ማለትም መገፋትን የሚቋቋምበት ልክ፣ ከግፊያው ብዛት ጋር እየጨመረ ሄደ። ዝንባሌው ግን አልቆመም፤ እየቀነሰ በሚሄድ ፍጥነት መከማቸቱን ቀጠለ። ከፍተኛውን ዝንባሌ ያመጣው ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገፋው ጭነት ሳይሆን፣ ወደ ኋላም በከፊል የሚመልሰው ነበር። ይህን ከወረቀት ስሌት አስቀድሞ የሚገምት ብዙ ሰው የሚኖር አይመስለኝም። አሸዋው ግን ደረቅ ነበር፤ በከባድ ማዕበል ጊዜ በቅንጣቶቹ መካከል የሚታፈነው ውሃ የሚያደርገውን ይህ ሙከራ አይነግረንም፤ ሊነግረንም አልተዘጋጀም።

በልኬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለማጥበብ የኦክስፎርድ፣ የኢምፔሪያል ኮሌጅ ለንደንና የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምሁራን ከኢንዱስትሪው ጋር ሆነው ፒሳ በተባለው ፕሮጀክት ከቤተ ሙከራ ወጡ። በእንግሊዝ ካውደን ጠንካራ ሸክላ አፈር ላይ፣ በፈረንሳይ ደንከርክ ደግሞ የታመቀ አሸዋ ላይ 0.273፣ 0.762 እና 2 ሜትር ስፋት ያላቸውን ምሰሶዎች ገፉ። ወፍራም ምሰሶን የሚይዘው የጎን ግፊያ ብቻ አለመሆኑ በስሌቱ ውስጥ ቦታ አገኘ፤ በጎኑ ላይ ወደላይና ወደታች የሚሠራው ሰበቃ እንዲሁም እግሩ ሥር ያለው አፈር አብረው ይይዙታል። የቀድሞው ስሌት ይህንን ስለማይቆጥር ምሰሶዎች ከሚገባው በላይ ረዝመው ብዙ ብረት ይፈጅ ነበር።

አሁን በእጅጉ የሚያሳስበኝ የተከላው ጉዳይ ነው። በብዙ ሞዴሎች ቱቦው ቆሞ አሸዋው በዙሪያው ይፈስሳል፤ ወይም ሴንትሪፊውጁ ከመሽከርከሩ በፊት ቱቦው ቀስ ብሎ ይገፋል። በባሕር ላይ ግን በመዶሻ ይመታል፤ በዚህም በዙሪያው ያለው አፈር ገና ተርባይኑ ሳይቆም ተለውጧል። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የምትሠሩትን አንድ ነገር እለምናለሁ። ውጤታችሁን ስታትሙ የአሸዋውን ጥግግት፣ የስበቱን ልክ፣ የተጠቀማችሁትን ፈሳሽና ቱቦው የገባበትን መንገድ ከግራፉ ጋር አብራችሁ አውጡ። ውጤቱን ወደ ንድፍ የሚወስደው መሐንዲስ እነዚህን ካላወቀ ሞዴሉ የትኛውን የባሕር ወለል እንደሚወክል ሊለይ አይችልም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።