«ገጣሚ ነኝ።» «ሥራህስ?»

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ቡናዬ ብቻ ነን።

ባለፈው እሑድ ሠርግ ላይ አንድ አባት ጓደኛዬን «ምን ትሠራለህ ልጄ?» አሉት። «ገጣሚ ነኝ።» «እሰይ! ሥራህስ?» አሉት። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ቀን ቀን ሒሳብ እንደሚያስተምር ሲነግራቸው ነው ፊታቸው የተፈታው።

እኔ ግን ቤት ከገባሁ በኋላም ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። ገጣሚዎቻችንን አንድ በአንድ አሰብኳቸው። በውቀቱ ስዩም የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሳይኮሎጂ ነው። በድሉ ዋቅጅራ መምህር ነው። ምሕረት ከበደ ሠዓሊ ናት። ጌትነት እንየውን ደግሞ በትወና የማያውቀው የለም።

ነቢይ መኮንን ጋ ስደርስ አፍራለሁ። በደርግ ጊዜ ታስሮ፣ ወረቀት አጥቶ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን ወፍራም ልብወለድ የተረጎመው። ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እኔ ባለቆዳ ሽፋን ደብተር ገዝቼ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ስንኝ አልወጣኝም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነው። በፈረንጆቹ 1967 እንግሊዝ ውስጥ ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። የማኅበራዊ አገልግሎት ሰዎች ኖርማን ብለው ለነጭ ቤተሰብ ሰጡት። 12 ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡም መለሰው፤ ከዚያ ከአንዱ የሕጻናት ማሳደጊያ ወደ ሌላው። የልደት ወረቀቱን ያየው በጉርምስናው መጨረሻ ነው። ስሙ ኖርማን አይደለም፤ ለምን ነው። ከዶሴው ውስጥ እናቱ ልጇ እንዲመለስላት የጻፈችው ደብዳቤም ወጣ።

እስቲ ስሙን በፊደል ጻፉት። ላላ አድርጋችሁ ካነበባችሁት ጥያቄ ነው። «ም»ን ጠበቅ ካደረጋችሁት ደግሞ ልመና ይሆናል። እናትየው ስታወጣለት ይህን አስባ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ደብዳቤዋን ሳስብ ግን ሁለቱም ይሰሙኛል። ያ ልጅ በፈረንጆቹ 2012 የለንደን ኦሊምፒክ ገጣሚ ሆነ። በ2015 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆነ። ያ የሠርጉ አባት እንኳ ይህን ቢሰሙ «ሥራህስ?» የሚሉት አይመስለኝም። ወይም ይሉ ይሆናል።

ጓደኛዬ ሰኞ ማታ ደወለልኝ። ፈተና እያረመ ነበር። ባዶውን በመለሰ ተማሪ ወረቀት ጀርባ ላይ ስለ ሠርጉ አባት ሁለት ስንኝ ጽፏል። አነበበልኝ። ሁለተኛው ቤት አይመታም። ነገርኩት።

እስካሁን አልደወለም።