ሁለት እርድ፣ አንድ ድንኳን

የተከበራችሁ አባቶች፣ የማኅበራችን አባላትና እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከወልዲያና ከመካነ ሰላም ሌሊት ተነስታችሁ ደሴ የገባችሁትን በተለይ እግዚአብሔር ያክብርልን። የዓመቱን ሪፖርት ፀሐፊያችን ያቀርቡታል። እኔ አንድ ጉዳይ ብቻ ላንሳ።

በፅንስ ማቋረጥ ላይ ያለን አቋም የታወቀ ነው። በማኅፀን ያለው ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንላለን። ዛሬም የምለው ይህንኑ ስለሆነ ሊቀመንበሩ ተለሳለሰ ብላችሁ እንዳታሙኝ። ጥያቄዬ ይህን አቋም ከማይቀበሉት ጋር እንዴት ነው የምንኖረው የሚል ነው።

ዘንድሮ የሆነውን ታውቃላችሁ። አገልግሎቱን የምትሰጥ አንዲት አዋላጅ ነርስ እናቷ አረፉባት። ከእኛ መሃል አብረዋት የሚሠሩ ሰዎች ለቅሶ አልደረሱም። ወደ ሥራ ስትመለስ ደግሞ ተረኛ ክፍል ቡና ተፈልቶ ነበር። እሷ ስትገባ ሲኒያቸውን አስቀምጠው የወጡ አሉ። አቦሉ ገና አላለቀም። ወሎ ውስጥ! እዚህ አገር ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ለመሆኑ ምን እንደምታስብ የጠየቃት አለ? እሷና መሰሎቿ የሚሉትን ልንገራችሁ። ሕጉ ጠባብ በነበረበት ዘመን ልጃገረዶች በድብቅ፣ በሥራ ሥርና በሽቦ ሞክረው ሆስፒታል የሚደርሱት ደማቸው ተመርዞ ነበር። ብዙዎቹ አልተረፉም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን በጥቅሉ ወንጀል አድርጎ ቢያቆየውም፣ አንቀጽ 551 የተደፈረችውን፣ ከቅርብ ዘመድ ያረገዘችውን፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ የወደቀውንና ሌሎችንም ለይቶ ፈቀደ። ከዚያ በፊት የነበረውን የሆስፒታል ክፍል በዓይናቸው ያዩ ባለሙያዎች ዛሬም አብረውን ይሠራሉ። መደምደሚያቸውን አልቀበልም። ግን እዚያ ያደረሳቸው ሐዘን ነው፣ ክፋት አይደለም። ይህን እያወቁ «ነፍሰ ገዳይ» ማለት በሐሰት መመስከር ነው።

ጉዳዩ ደግሞ ከእኛ የራቀ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በአካባቢያችን የተደፈሩ እህቶች አሉ። ስለ እነሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚከራከር ሰው መጀመሪያ ቢያለቅስ ይሻላል።

አሜሪካን አገር ክርክሩ ደም አፍስሷል። እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ፣ ቦስተን አጠገብ ብሩክላይን ላይ፣ ጆን ሳልቪ የተባለ ሰው ፅንስ የሚቋረጥባቸው ሁለት ክሊኒኮች ገብቶ ተኮሰ። ሁለት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሴቶች፣ ሦስቱ ከአንዱ ወገን ሦስቱ ከሌላው፣ በምስጢር መገናኘት ጀመሩ። ሁሉም በየወገናቸው አንቱ የተባሉ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በላይ ተገናኝተው በ2001 ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ላይ አብረው ጻፉ። ታዲያ ማን ማንን አሳመነ? ማንም ማንንም! እንዲያውም ሁሉም በአቋማቸው ይበልጥ ጸኑ። ግን ተከባበሩ። ግድያውን የሚያጸድቅ ሰው ከሌላ ግዛት ልምጣ ሲል «አትምጣብን» ብለው የጻፉለት የፅንስ ማቋረጥ ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። እኔን የገረመኝ ይህ ነው።

የጥንት አባቶችም ጥብቅ ነበሩ፤ ሰው ግን አልጣሉም። እ.ኤ.አ. በ314 የተሰበሰበው የአንቀራ (የዛሬዋ አንካራ) የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፅንስ ላስወረደች ሴት የዕድሜ ልክ የነበረውን ቅጣት ወደ አሥር ዓመት ንስሐ አወረደው። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ከዓመቱ ቁጥር ይልቅ የንስሐዋን ሁኔታ ተመልከቱ አለ። ለእሷ እንዲህ ከራሩ፣ በሐሳብ ብቻ የሚለየንን የሥራ ባልደረባ እኛ በምን ሒሳብ ነው የምናኮርፈው? ጌታ እኮ የይሁዳንም እግር አጥቧል።

ወሎዬ ይህን መማር አይቸግረውም። ሰርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑ ለብቻ፣ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል። እምነቱን የሚደብቅ የለም። ድንኳኑ ግን አንድ ነው፤ ሙሽራዋንም አብረን ነው የምንሸኛት።

ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው የሚጠይቃችሁ አለ። በማኅበሩ ስም የሚናገር ሁሉ መጀመሪያ የሌላውን ወገን ምክንያት በትክክል ያስቀምጥ፤ ባለቤቱ ሲሰማው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ። የለቅሶ መዋጮአችንም ከእኛ ጋር ለማይስማማ የሥራ ባልደረባም ይድረስ። አንድ ደግሞ አለ። «ውለጂ ትሏታላችሁ፣ ከወለደች በኋላ ግን የት ናችሁ?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። የቤት ኪራይ፣ ዱቄትና የሕፃን ልብስ የሚሸፍን አዲስ የበጀት ርዕስ ከሰዓት በኋላ ይቀርባል። እባካችሁ ምሳ በልታችሁ እንዳትጠፉ።

በዚህ የማይስማማ አባል ካለ እጁን አውጥቶ ይናገር፤ ጊዜ ተይዞለታል። አሁን ፀሐፊያችን ወደ መድረክ ይምጡልኝ። ጉባኤው ተከፍቷል።