አራት ትንንሽ ማሽን፣ አንድ ሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች። ስለ ሲኤንሲ ራውተር፣ በኮምፒውተር እየተመራ እንጨት ስለሚቆርጠው ማሽን፣ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝን አውቀዋለሁ፤ «አንድ ትልቅ ልግዛ ወይስ ትንንሾቹን?» ነው። እኔ ትንንሾቹን መርጬ አራት አቁሜያለሁ። የመረጥኩት በሒሳብ ነው።

እኛ ጋ አንድ የወንበር መደገፊያ ለመቁረጥ 12 ደቂቃ ይፈጃል። ያለቀውን አውርዶ፣ ሰጋቱራውን ጠርጎ፣ አዲሱን እንጨት አስሮ ለማስነሳት ደግሞ 3 ደቂቃ። አንድ ማሽን ያለው ሰው በሰዓት 4 ያወጣል፤ በየዙሩ 12ቱን ደቂቃ ቆሞ ማየት ነው ሥራው። ፈጣን ማሽን ገዝቶ 12ቱን ወደ 6 ቢያወርደው እንኳ 8 አያገኝም፤ 3ቷ የእጅ ሥራ ስለማትቀንስ 7ም አይሞላለትም። አራት ማሽን ሲይዝ ግን ያው ሰው በሰዓት 16 ያወጣል። ከየ15 ደቂቃውም 3 ደቂቃ ይተርፈዋል። እሷን ለሌላ ሥራ አትስጧት፤ ቢት፣ ማለትም የሚቆርጠው ስለት፣ የሚቀየረውም፣ ውሃ የሚጠጣውም በእሷ ነው። አንዱን ማሽን የ12 ደቂቃ ሥራ፣ ጎረቤቱን የ4 ደቂቃ ሥራ ከሰጣችሁት ግን ሰውየው አጭሩ ላይ ተጠምዶ ይውላል፤ ሒሳቡም ይፈርሳል።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው። እኔን ያስለቀሰኝ ሌላ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሴቴውን፣ ማለትም ቀዳዳውን፣ ሦስተኛው ማሽን ላይ፣ ወንዴውን፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን፣ አንደኛው ላይ እንቆርጥ ነበር። አንድ ቀን ማታ ለመግጠም ስንነሳ እምቢ አለ። በመዶሻ ስንመታው እንጨቱ ተሰነጠቀ። 40 መደገፊያ! ፕሮግራሙን አገላበጥነው፣ ምንም የለበትም። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ካሊፐር አምጥቶ ቢቱን ለካ። ፕሮግራሙ 6 ሚሊሜትር ብሎ የሚያስበው ቢት ተስሎ 5.8 ሆኗል። ቢቱ በቀጠነ ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል፤ በ0.2 ሚሊሜትር ጠበበ። ወንዴው በዚያው ቢት ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ደግሞ እሱም በ0.2 ይወፍር ነበር፤ ልዩነቱ 0.4 ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተሳለ ቢት ሳይለካ ማሽን ላይ አይወጣም፤ ልኩም በቢቱ ማስቀመጫ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል። የሚገጣጠሙ ዕቃዎች ከተለያየ ማሽን ሲወጡ ደግሞ ጠዋት አንድ ናሙና ከየማሽኑ ቆርጠን ሳንገጥም ሥራ አንጀምርም።

መብራት ነገር ደግሞ አለ፤ ሳልነግራችሁ ብሄድ ትታዘቡኛላችሁ። እነዚህ ትንንሽ ማሽኖች አብዛኞቹ ስቴፐር ሞተር ነው ያላቸው፤ የት እንደቆሙ አያዩም፤ የተላከላቸውን እርምጃ ብቻ ይቆጥራሉ። መብራት ሲጠፋ ቆጠራው ይጠፋል። መነሻውን የሚያስታውስ ማብሪያ፣ ሆም ስዊች የምንለው፣ ከሌለ በዓይን ግምት ዜሮ፣ ማለትም መነሻ ነጥብ፣ መስጠት ነው፤ በዓይን የተሰጠ ዜሮ ደግሞ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ርካሹ ማሽን ብዙ ጊዜ ስዊቹ የለውም። ለኃይለኛ ስፒንድል፣ ቢቱን ለሚያሽከረክረው ሞተር፣ ከምትከፍሉ ለስዊች ክፈሉ። እንጨቱ የሚደገፍባቸው ሁለት ካስማዎች በአራቱም ጠረጴዛ ላይ ከሆም እኩል ርቀት ላይ በብሎን ይታሰሩ። ያኔ መብራት ሲመጣ ማሽኑን ወደ ሆም መልሳችሁ ትቀጥላላችሁ፤ አንዱ ቢበላሽም ሥራውን ወደ ጎረቤቱ ታዞራላችሁ።

ፋይሉ ከአንድ ኮምፒውተር ብቻ ይውጣ። በየኪሱ ፍላሽ የሚዞርበት ቤት የትናንቱን ፋይል ዛሬ ይቆርጣል፤ ከዚህ በላይ አላራዝመውም።

የዚያን ቀኖቹን ቁርጥራጮች ይዤ መጥቻለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በቀይ የተቀባው ሴቴ በ5.8 የተቆረጠው ነው። በዓይን ከሌላው አትለዩትም። ኑና ወንዴውን ለማስገባት ሞክሩ፤ መዶሻ ግን አላመጣሁም።