ሒሳብ ከመክፈሌ በፊት

እንደምን አመሻችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ከጀርባዬ የሚንኳኳ ነገር ከሰማችሁ በርሜል ነው። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ውሃ በፈረቃ ነው የምትመጣው፣ ዛሬ የእኛ ብሎክ ተራ ነው ተብሏል። ከመጣች አቋርጬ እሮጣለሁ፤ ቅር አይበላችሁ።

ስለ መሸሽ ነው የማወራችሁ። ያውም ስለ ራሴ ሽሽት።

ሐምሌ ውስጥ ነው። የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ነበርኩ። 24 ሰው ነን፣ በሳምንት አንድ አንድ ሺህ ብር እንጥላለን። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዕጣ ይወጣል፣ 24,000 ብሩ እዚያው ተቆጥሮ ለባለ ዕጣው ይሰጣል። እስከዚያ ብሩ የሚያድረው እኔ ጋ ነው። በዚያ ሳምንት ደሞዝ ዘገየ። አከራዬ በር ላይ ቆሞ አልሄድም ሲለኝ ከእቁቡ 9,000 ቆጥሬ ሰጠሁት፤ አርብ ደሞዝ ሲገባ እተካዋለሁ ብዬ። አርብ አልገባም። ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ስልኬን እያበራሁ የባንክ መልእክት ስጠብቅ አደርኩ። በቅዳሜ ሌሊት ደሞዝ እንደማይገባ ጠፍቶኝ አይደለም።

ሊነጋጋ ሲል ቦርሳዬን አነሳሁ። አዳማ እህት አለችኝ። ስልኬን አጥፍቼ በጭቃው እየተንሸራተትኩ አደባባዩ ጋ ደረስኩ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ጫማዬ ላይ የተለጠፈው ግን ጥቁር መረሬ ነበር። ከዚያ የክፍያ መንገዱ ይጀምራል። አዳማ ድረስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከብት አያቋርጠው፣ ሰው አያቋርጠው፤ ለሸሺ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ረዳቱ "ወዴት ነሽ እህቴ?" አለኝ።

"አዳማ።"

"መናኸሪያ ነሽ ወይስ መንገድ ላይ ትወርጃለሽ?"

ዝም አልኩ። እህቴ ቤት ቀይራለች፣ አዲሱን ቤቷን አላውቀውም፣ ልደውልላት ብል ስልኬን አጥፍቻለሁ። ብቻ ገብቼ ተቀመጥኩ።

"ሒሳብ!" ሲል ቦርሳዬን ከፈትኩ። እጄ መጀመሪያ የነካው ፌስታል ነው። የእቁቡ ብር፣ የቀረው 15,000፣ በላስቲክ እንደታሰረ። ለካ ይዤው ወጥቻለሁ። ሆን ብዬ አልያዝኩትም። ማይ ቢሉኝ ግን አልምልም። ከቤት ስወጣ 9,000 ብር የጎደለባት ሴት ነበርኩ፤ ያ መኪና ቢነሳ ኖሮ አዳማ የምገባው የ24,000 ብር ሌባ ሆኜ ነበር።

ዮናስም እኮ ከፍሏል። ኢዮጴ ወረደ፣ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አገኘ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ገባ ነው የሚለው። የነነዌን ጾም ስንት ዓመት ስንጾም ያቺን "ከፈለ" የምትል ቃል አላስተዋልኳትም ነበር።

ወረድኩ። ረዳቱ ሰደበኝ፤ እውነቱን ነው። ገና ባልተከፈተ የጀበና ቡና ሸራ ሥር ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ልጸልይ ብዬ "አባታችን ሆይ" ጀመርኩ፣ "በደላችንን" ላይ ስደርስ ምላሴ ተያዘ። እንግዲያው እግዚኦታ ይሻለኛል አልኩና 41 ጊዜ ለማለት በጣቴ አንጓ መቁጠር ጀመርኩ። 17 ላይ "አዳማ አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ብሎ ሲጮህ ቆጠራው ጠፋብኝ። እንደገና ከአንድ። እንደገና ጠፋብኝ። በሦስተኛው ጨረስኩ።

ምንም አልታየኝም፣ የሰማሁት ድምፅም የለም። ስጀምር ግን አውራ ጣቴ አንጓውን እየሳተ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስጨርስ ቆሟል። መልሱ ይኼ ነው እላለሁ፣ የሚስቅ ይሳቅ።

አጋር ትዝ ያለችኝ በኋላ ነው። ዘፍጥረት 16። ሦራ ስታስጨንቃት ነፍሰ ጡሯ ከቤት ኮበለለች፣ መልአኩ በምድረ በዳ ምንጭ አጠገብ አገኛት። ከወዴት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብሎ ጠየቃት። መጀመሪያውን ብቻ መለሰች፤ ከእመቤቴ ሸሽቼ ነው አለች። ወዴት የሚለውን ዘለለችው። እኔን ደግሞ ያንኑ የጠየቀኝ የሚኒባስ ረዳት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። መልአኩ ተመለሺ ማለቱን ይዘው፣ ባሏ የሚደበድባትን ሴት "ታገሺ፣ ጸልዪና ተመለሺ" የሚሉ አሉ። አልስማማም። አሁን ያለንበት ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ ምን እያሰብን ነው? እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን አይደል? ዮሴፍ ተነሥና ሽሽ ተባለ፣ በዚያው ሌሊት ተነሣ። ሕይወትሽ ላይ የመጣ ሰው ካለ ውጪ፣ ጸሎቱን መንገድ ላይ ታደርሺዋለሽ። የእኔ እንደዚያ አልነበረም። እኔን የሚያሳድደኝ ሄሮድስ የለም፤ የሸሸሁት 23 ጎረቤቶቼን ነው።

ስልኬን ከፍቼ ለእቁባችን ዳኛ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ብር ጎድሎብኛል።"

"ስንት?"

"ዘጠኝ ሺህ።"

ቡና ሲወቅጡ ይሰማኝ ነበር። ሙቀጫው ቆመ።

"የቀረውስ?"

"እጄ ላይ ነው።"

"በይ ነዪ። ለእኔ ያልሽውን ለሁሉም ትናገሪያለሽ፤ እኔ አልናገርልሽም።"

ተናገርኩ። ዕጣው የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ላይ ወጣ፤ ለልጆቿ ምዝገባ የምትጠብቀው ብር። 15,000 ተቀበለች፣ ቀሪውን ሐሙስ ደሞዝ ሲገባ ወሰድኩላት። ጸሐፊነቱን ተቀማሁ፣ የሚገባኝ ነው። እሷ ግን እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ግድግዳውን ነው የምታየው።

አሁን ተለውጫለሁ ልላችሁ አልችልም። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ትል ነበር እናቴ፤ እኔ አሁንም እየሮጥኩ ነው የምታጠቀው። ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ ተናድጄ ታክሲ ውስጥ መልቀቂያ ጻፍኩ። እግዚኦታውን ስድስት ላይ ተውኩት፣ ደብዳቤውን ግን አልላክሁትም። መልቀቄ የሚቀር አይመስለኝም። ወዴት የሚለውን ነው ገና ያልመለስኩት።

ሰማችሁ? መጣች። ግፊቷ ስለሚያንስ ላይ ድረስ አትወጣም፣ ሁላችንም ታች ቧንቧው ጋ ነው የምንሰለፈው። ያቺ ጎረቤቴም ወርዳ ይሆናል። ጀሪካኔን ልያዝ።