ተጠሪ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት ቅጽ ላወራችሁ ነው።

ከሕፃናት ማሳደጊያ ከወጣች ወር ያልሞላት ልጅ ሥራ ልታመለክት ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ... ቶሎ ቶሎ ሞላችው። «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ የቅርብ ሰው» የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝና «እዚህ ጋ ምን ይጻፋል?» አለችኝ።

ወራት ሙሉ ስለ ኪራይ ውል፣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ደመወዝ አያያዝ ሳስተምራት ነበር። ይህቺ መስመር ግን አንድም ቀን ትዝ ብላኝ አታውቅም። የእኔን ስልክ አስጻፍኳት። ከጎኑ «ዝምድና» ይላል፤ እሱን ባዶውን ተወችው።

ይቺ ልጅ ለአርባ ሰው ማብሰል ታውቅበታለች። ለአንድ ሰው ስንት እንደሚበቃ ግን አታውቅም ነበር። በደወል ተነስታ፣ በደወል በልታ፣ በደወል ተኝታ ነው ያደገችው። ደግሞ ይበልጥ የከበዳት ጸጥታው ነው፤ የሌላ ሰው ትንፋሽ ሳትሰማ ያደረችበት ሌሊት በሕይወቷ አልነበረም።

በብዙ አገር 18 ዓመት ሲሞላ ድጋፉ ይቆማል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው፣ ከወላጆቻቸው ተለይተው የሚያድጉ ልጆችን የሚመለከተው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ዝግጅቱ ከመውጫው ቀን ብዙ ቀድሞ ይጀመር፣ ከወጡም በኋላ ድጋፉ ይቀጥል፣ በተቻለ መጠን ለእያንዳንዱ ልጅ ራሱን እንዲችል የሚያግዘው አንድ ሰው ይመደብለት። አንድ ሰው! እኔን የያዘችኝ ይህቺ ቃል ናት።

ምክንያቱም፣ አያችሁ፣ ወላጅ ያለው ልጅ ኪራይ ሲያቅተው ወደ ቤቱ ይመለሳል። እሷስ? ገንዘቧ ባለቀ ማግስት «እኔ ጋ ነይ» የሚላት ወንድ አይጠፋም። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሌላ የምታንኳኳው በር የሌላት ልጅ ግን ያን ሰው እምቢ ለማለት አቅም ያጥራታል። ለሴት ልጆች ከሁሉም በላይ የምፈራላቸው ይህንን ነው።

የራሴን ጥፋትም ልናገር። መጀመሪያ በየቀኑ እደውል ነበር፤ ከዚያ ሥራ በዛብኝና ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። ስደውል ከሥራ ከወጣች አሥር ቀን አልፏታል። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «ላስቸግርዎት አልፈለግኩም» አለችኝ። ተቆጥቼ ልመልስ ነበር፤ ቃሉ አነቀኝ። መጠየቅ ማስቸገር አለመሆኑን ማን አሳይቷት ያውቃል?

ከዚያ ወዲህ ችግር ኖረም አልኖረም በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት እደውላለሁ። ብዙ ጊዜ የምናወራው ተራ ነገር ነው፤ ምን በላሽ፣ ማን ጋ ዋልሽ። እናንተም እንዲህ ያለች ልጅ በአቅራቢያችሁ ካለች፣ የማትዘልቁበትን ብዙ ቃል አትግቡላት። በሳምንት አንድ ጥሪ፣ ግን የማይቀር።

ያለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ሆኜ ሰዓቱ አለፈብኝ። ስልኬ ጠራ። እሷ ነበረች፤ «ዛሬ አልደወሉም፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ።